የስድስት ቁጥር አየር

ቆንጅት ባሏን በቀበረች በአራተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሳ፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ከለቀስተኛው መሀል ተነስታ ወደ ዲላ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ወዴት እንደምትሄድ የጠየቃት አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም የወጣች መስሏቸው ነበር። ጣቢያው ደርሳ ኢንስፔክተር ሳዕዳን አስጠራች።

ሳዕዳ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። በአባቷ ሱቅ ውስጥ ስላደገች፣ ማንኛውንም ዕቃ ስትይዝ ገልብጣ ጀርባውን የማየት ልማድ አላት፤ ባልደረቦቿ በዚህ ይቀልዱባታል። ቆንጅትን ወንበር ስባ አስቀመጠቻት።

«መንበረ አልገደለችውም» አለች ቆንጅት።

«ሆን ብላ ገደለች ያለ የለም፣ እትዬ ቆንጅት። በቸልተኝነት ነው የተያዘችው። ከሰሉን ያቀጣጠለችው እሷ መሆኗን ራሷም አምናለች።»

«በየቀኑ ታቀጣጥላለች፤ በረንዳ ላይ። መለማመጃ ክፍል ውስጥ ግን እሷም አታስገባም፣ ባሌ ሲራክም አያስገባም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ደረቅ የቡና ገለባ ነው። ክብሪት የጫረ ተማሪ አንድ ወር ያባርር ነበር።» ቆንጅት ድምፅዋን ሳታነሳ ቀጠለች። «ሐሙስ ፍርድ ቤት ትቀርባለች አሉኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላት፤ እኔ ቤት ናት። እናቴ መቼ ትመጣለች ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ።»

ለቀስተኛ እንደሚጠብቃት ተናግራ ወጣች።

ሳዕዳ መዝገቡን አስመጣች። ጉዳዩን የያዘው ሌላ መርማሪ ነበር፤ ሊዘጋው የቀረው ጥቂት ነው። ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ መሥራች መምህር ሲራክ በስድስት ቁጥር መለማመጃ ክፍል ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ በጀርባው እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ሚስቱ ናት። አጠገቡ አመድ የሞላው የከሰል ምድጃና በጨርቅ የተሸፈነ አንድ ከበሮ ነበር። በሩ ተዘግቷል፣ አልተቆለፈም። ሐኪሙ የከሰል አየር መርዞት ነው ብሏል፤ የትግል ምልክት የለም። በሚያዝያ ዝናብ የከበሮ ቆዳ እርጥበት ስቦ ስለሚላላ እሳት ዳር ይያዝና ይወጠራል። ሟቹም ከበሮ ሲያሞቅ እንቅልፍ ጥሎት ነው፤ ምድጃውን ያስገባችለት ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ መንበረ ናት ይላል መዝገቡ። አንድ የዓይን ምስክር በራሱ እጅ የጻፈው ቃል ተያይዟል። ሳዕዳ ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበችና ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው።

ከመንበረ ቃል ግርጌ ስሟ በትልልቅ ፊደል፣ አንድ በአንድ እንደተሳለ ሆኖ ተጽፏል።

«ለጣት አሻራ ቀለሙን ሳቀርብላት፣ መጻፍ እችላለሁ ብላ እስክሪብቶ ለመነችኝ» አለ ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ። «ደስ ብሏት ነበር እኮ። የምትፈርመው ምን እንደሆነ የገባት አልመሰለኝም።»

ትምህርት ቤቱ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለ የቀድሞ የቡና መጋዘን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ክራርና ፒያኖ ቢማሩበትም የከተማው ሰው እስከ ዛሬ «መጋዘኑ» ይለዋል። የውስጡን ንድፍ የሠራችው ኤልቤቴል የምትባል ወጣት አርክቴክት ናት። ሳዕዳ ደውላ ብታስጠራት በባጃጅ መጣች፤ ዓይኖቿ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይኖች ነበሩ።

«ሕንፃው ነው የገደለው እያሉ ነው» አለች ገና ሰላም እንደተባባሉ። «ሐሙስ ዕለት ኮንጋ ነበርኩ፣ የቡና ማጠቢያ ጣራ ስለካ። ማታ ስመለስ የሰማሁት ይህንኑ ነው።»

«ሊገድል ይችላል?»

«አይችልም። ኑ ላሳይዎት።»

በሰፊው መጋዘን ውስጥ ስድስት ትንንሽ ክፍሎች በሁለት ረድፍ፣ ጀርባ ለጀርባ ተሠርተዋል። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ግድግዳ አለው፤ በሁለቱ መሀል ገለባ ታጭቋል። በሮቹም ድርብ ናቸው፤ ዓይን ቁመት ላይ ትንሽ መስታወት አላቸው። ኤልቤቴል ሳዕዳን ከበር ውጪ አቁማ ወደ አንድ ቁጥር ገባችና ፒያኖውን በሁለት እጇ ደበደበችው። ሳዕዳ በመስታወቱ እጆቿን አየች፣ አንዳች ድምፅ ግን አልሰማችም።

«አየሩስ?» አለች ሳዕዳ፣ ኤልቤቴል ስትወጣ።

«በጣራው በኩል። እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ጊዜ የሚታጠፍ የእንጨት ቦይ አለው፤ ውስጡ ብርድ ልብስ ለብሷል። ድምፅ በየመታጠፊያው ይደክማል፣ አየር ግን ያልፋል። አንድ ምድጃ ከሰል ራስ ምታት ያመጣ ይሆናል እንጂ፣ ቦዩ ክፍት ከሆነ ሰው አይገድልም።»

«የቦዩ አፍ ላይ ጆሮውን የደቀነ ሰውስ? ምንም አይሰማም?»

ኤልቤቴል ትንሽ አሰበች። «ጆሮውን ከደቀነ ይሰማል። ቀጭን ሆኖ፣ ግን ጥርት ብሎ። ማን እዚያ ይወጣል ብለው ነው?»

በመሰላል ወጡ። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ሰው ተጎንብሶ የሚሄድበት ጨለማ ቦታ አለ። የሦስት ዓመት አቧራና የገለባ ብናኝ ሁሉን ነገር ሸፍኗል። ሳዕዳ በስልኳ መብራት የስድስቱን ቦዮች አፍ አንድ በአንድ አየች። አምስቱ አቧራ ለብሰዋል። የስድስት ቁጥር አፍ ዙሪያው ተጠርጎ እንጨቱ ይታያል፤ አንድ ነገር በኃይል ገብቶበት እንደወጣ። ከፊቱ ወለሉ ላይ አቧራው ተጨፍልቋል፤ ሰው በደረቱ ተኝቶበታል፣ ክርኖቹ ያረፉበት ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ይታያል። ከዚያ ሆኖ እጅን ዘርግቶ የሚደረስበት ሌላ የቦይ አፍ ነበር።

«ይህኛው የማን ነው?»

«የአንድ ቁጥር። ከስድስት ጋር ጀርባ ለጀርባ ናቸው።» ኤልቤቴል የተጠረገውን እንጨት በጣቷ ዳሰሰች። «ደፍነውታል» አለች፣ ቀስ ብላ።

ሲወርዱ ሳዕዳ በስድስት ቁጥር የቀረውን ከበሮ አነሳች። የጨርቅ ሽፋኑን ገልብጣ ውስጡን አየች፤ ፊቱ ጥቁርና ለስላሳ ነው። በጣቷ ነካችው፣ አሸተተችውና መልሳ ሸፈነችው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የፒያኖ መምህሩን እስክንድርን በትምህርት ቤቱ ግቢ አገኘችው። ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሹራብና ቀይ ስካርፍ የለበሰ፣ ሲያወራ እጁ የሚጨፍር ሰው ነው። ከሲራክ ጋር አዲስ አበባ ሙዚቃ ሲማሩ ከተገናኙ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ትምህርት ቤቱንም የከፈቱት አብረው ነው። ስለ ሲራክ ሲጠየቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሲራክ አዲስ ተማሪ ለሦስት ወር መሣሪያ እንዳይነካ ይከለክል ነበር አላት። ያዘፍናቸዋል፣ ያስጨበጭባቸዋል፣ ከሁሉ በላይ ዝም ብለው እንዲሰሙ ያደርጋቸዋል፤ ከገበሬው የሥራ ዜማ እየቀዳ መለማመጃ ይሠራላቸው ነበር። ራሱም ቀኑን ሙሉ ከበሮ ስለሚያስተምር፣ ከምሳ በኋላ ጆሮዬን ላሳርፍ እያለ ስድስት ቁጥር ገብቶ ይተኛል። ይህን የማያውቅ የለም።

«እኔ በወረቀት፣ እሱ በጆሮ። ሠላሳ ዓመት እንደተከራከርን ሄደ» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «መንበረም ታሳዝነኛለች። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ጠበቃ እየፈለግሁላት ነው።»

«ሐሙስ ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ቤቴ ነበርኩ። ዘጠኝ ላይ ተመልሼ—»

አንድ ተማሪ ከአጥሩ ጥግ ዋሽንት እየነፋ ነበር። እስክንድር ንግግሩን አቋረጠ፤ አንገቱ ዞረ። «ዝቅ በል! ሦስተኛዋ ላይ ዝቅ በል!» ብሎ ጮኸና ወደ ሳዕዳ ተመለሰ። «ይቅርታ። የት ነበርን?»

«ከኮርኒሱ በላይ ወጥተው ያውቃሉ?»

«እኔ? ከፍታ እፈራለሁ። አምፖል እንኳ የሚቀይርልኝ ሲራክ ነበር።»

ሳዕዳ አመስግናው ሄደች።

ማክሰኞ ጠዋት ቆንጅትን ልቅሶ ቤት ሄዳ አየቻት። ሴቶቹ ራቅ አሉላቸው። ሲራክ በመጨረሻዎቹ ቀናት የተለወጠ ነገር እንደነበረው ጠየቀቻት። ቆንጅት የነጠላዋን ጥለት ደባበሰች።

«ዐሥር ቀን ክራሩን አልነካም» አለች። «ዓርብ የመምህራን ስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ ስለምን እንደሆነ አልነገረኝም። አንድ ማታ፣ ሰው ሠላሳ ዓመት አብሮት የኖረውን ሰው በምን ያውቀዋል፣ አለኝ።»

«ምን መለሱለት?»

«ምንም። እኛ ከተጋባን ሃያ ስምንት ዓመታችን ነው።» ዓይኗን አላነሳችም። «ሠላሳ ብሎ ያጠጋጋው እኔን መሰለኝ። ምን አድርጌው ይሆን እያልኩ ነው የቀበርኩት።»

ሳዕዳ ትንሽ አብራት ተቀመጠች።

ከዚያ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ወረደች። ሐሙስ በአንድ ቁጥር ስትለማመድ የነበረችው ኢልሃም ነበረች፤ ዕድሜዋ ሃያ አራት፣ ከአዲስ አበባ ዲላ የሚመላለሱ አውቶቡሶች ያሏቸው የአባቷ ትኬት ቢሮ ውስጥ የምትሠራ። ትኬት እየቆረጠች አወራቻት።

«ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ብቻዬን ነበርኩ። በሩም አልተከፈተ፣ በመስታወቱም ያየኝ የለም፤ ፊቴ ወደ በሩ ነው። ቲቸር እስክንድር ዘጠኝ ላይ መጣ። ላጫውትልህ ስለው፣ አያስፈልግም ብሎ ደብተሬ ላይ እርማት ጽፎልኝ ወጣ።» ሳቀች። «እሱ እኮ ግድግዳ ይሰማል እንላለን።»

«ደብተሩን አሳዪኝ።»

የእስክንድር ጽሑፍ ደቃቅና ቆንጆ ነው። የሐሙስ ቀን ተጽፎበታል። «ሦስተኛው መለማመጃ፤ ግራ እጅሽ ሁለተኛው መስመር ላይ ሁለት ጊዜ ተሰናክሏል። አውራ ጣትሽን ቀድመሽ አዘጋጂ።»

«እውነቱን ነው?»

«ሁለት ጊዜ። ከዚያ በፊት ተሰናክዬበት አላውቅም፤ የዚያን ቀን ነው የጀመረኝ።»

«ሌላ ስህተት አልነበረሽም?»

ኢልሃም አፈረች። «አራተኛው ላይ አንድ ሙሉ መስመር ዘልያለሁ። ዝናብ ጀምሮ የተሳፋሪ ሻንጣ ጣራ ላይ እየራሰ ነው፣ የሸራው ሳጥን ቁልፍ የት ነው ብሎ አባቴ ደወለ። ከዚያ በኋላ ልቤ ተበታተነ። እሱን አላየብኝም፤ እግዚአብሔር ይስጠው።» ስልኳን ከፍታ የደወለበትን ሰዓት አሳየቻት፤ ስምንት ከሩብ ይላል።

ሳዕዳ ደብተሩን ተውሳ ልትወጣ ስትል፣ ኢልሃም የረሳችው ነገር ትዝ አላት። ከሁለት ሳምንት በፊት ከአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ለትምህርት ቤቱ አንድ ፖስታ በአውቶቡሳቸው መጥቶ ነበር። የተቀባይ ስም በዝናብ ጠፍቶ ስለነበር ለጋሽ ሲራክ ሰጠችው። እዚያው ቆሞ ከፈተው። «ምነው ጋሼ፣ መጥፎ ነገር ነው እንዴ ብለው፣ ሰማኝ አልሰማኝ አላውቅም፣ ፖስታውን ብብቱ ሥር ይዞ ወጣ» አለች።

ማተሚያ ቤቱ በስልክ ሲጠየቅ አልደበቀም። የላኩትን የሕትመት ናሙና ፎቶ በቴሌግራም ለሳዕዳ አስተላለፉላት።

ሳይመሽ መንበረን ልታያት ወደ ጣቢያው ማረፊያ ቤት ወረደች። መንበረ ከጨለለቅቱ መጥታ ዲላ የከተመች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ናት። ስለ ልጇ ጠየቀች፣ ደህና መሆኗን ስትሰማ ተረጋጋች። ሳዕዳ ጥቁሩን ከበሮ አወጣችላት።

«ይሄ የጀማሪዎች ነው» አለች መንበረ። «ጣሳ ላይ ከመነዳሪ ወጥሮ ጋሽ ሲራክ ራሱ ነው የሠራው። ሽፋኑን እኔ ሰፋሁ።»

«እሳት ዳር ይሞቃል?»

መንበረ ከታሰረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «የመኪና ጎማ ማን ያሞቃል፣ እህቴ? ይቀልጣል እንጂ። ቆዳ ነው የሚሞቀው።»

«ሐሙስ ምድጃውን የት ተውሽው?»

«በረንዳ። ዝናብ ሲጀምር የታጠበ የከበሮ ጨርቅ ከገመድ አውርጄ ገባሁ፣ መጋዘን ውስጥ አጣጥፌ ስመለስ ምድጃ የለም። ተማሪ ወሰደው ብዬ ተውኩት።»

«ስትገቢ ያየሽው ሰው ነበር?»

መንበረ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አቆላለፈች። «ማንም» አለች። «ጠበቃ ይመጣል ተብያለሁ። ሲመጣ እናገራለሁ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

መልስ አልሰጠቻትም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ፍርሃት እንደሌለ ሳዕዳ አየች፤ ያለው እምነት ነበር። አንዲት ቃል ብትናገር ቤቷ ትሄዳለች፤ ያቺን ቃል ለአንድ ሰው ብላ ይዛታለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሳዕዳ ሁሉንም በመጋዘኑ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ወንበሮቹ ለዓርቡ ስብሰባ እንደተደረደሩ ነበሩ። ቆንጅት ከፊት ተቀመጠች፣ ኤልቤቴል ከአጠገቧ። ኢልሃም በሩ ዘንድ ቆመች። እስክንድር ፒያኖው አጠገብ ነበር። መንበረን ሁለት ፖሊሶች አመጧት፤ ስትገባ እስክንድር አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት፣ እሷም ጎንበስ ብላ መለሰች።

ሳዕዳ ከበሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሽፋኑን ገለጠችው።

«መምህር ሲራክ ከበሮ ሲያሞቅ ሞተ ተብሏል» አለች። «አጠገቡ የተገኘው ይህ ነው። ጎማ ነው። ራሱ የሠራውን የጎማ ከበሮ እሳት ዳር አያስቀምጥም፤ መንበረም አታስቀምጥም፣ ሽፋኑን የሰፋችው እሷ ናት። ይህን ያመጣው ከበሮ በእሳት እንደሚወጠር የሰማ፣ ግን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው። ከመደርደሪያው ላይ እንደተሸፈነ አነሳው። ሰው ሲሞት አደጋ እንዲመስል ብሎ ዕቃ የሚያኖር ካለ፣ አደጋ አልነበረም ማለት ነው።»

ኤልቤቴል ከበሮውን ለማየት አንገቷን አሰገገች።

«ሁለተኛ። ኤልቤቴል እንዳለችው ቦዩ ክፍት ከሆነ ያ ክፍል ሰው አይገድልም። የስድስት ቁጥር ቦይ ግን ተደፍኖ ነበር። ደፋኙ በኋላ፣ ሬሳው ተገኝቶ ሰው ሁሉ ሲተራመስ፣ ወጥቶ ነቅሎታል፤ አቧራውን ግን መመለስ አልቻለም። ከቦዩ አፍ ፊትም በደረቱ ተኝቷል። ለመድፈን መተኛት ለምን አስፈለገው? ሲራክ ነቅቶ ከሆነ ምድጃ ይዞ መግባት አይቻልም። ስለዚህ ጆሮውን ደቅኖ ትንፋሹ እስኪከብድ ጠበቀ። የወዳጁን እንቅልፍ አዳመጠ።»

ቆንጅት ዓይኗን ጨፈነች።

«እዚያ የተኛ ሰው ከሲራክ ትንፋሽ ሌላ አንድ ነገር ይሰማል። እጅ ሲዘረጋ የሚደረስበት የአንድ ቁጥር ቦይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ኢልሃም እየተለማመደች ነበር። አቶ እስክንድር፣ ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ የት ነበርኩ አሉኝ?»

«ቤቴ» አለ እስክንድር። «ነግሬዎታለሁ።»

ሳዕዳ የኢልሃምን ደብተር ከፈተች። «ሦስተኛው መለማመጃ፣ ሁለተኛው መስመር፣ ግራ እጅ፣ ሁለት ጊዜ። ያንን ስህተት ከዚያ ቀን በፊት ሠርታው አታውቅም። እርስዎም አላጫወቷትም። ቤትዎ ሆነው ከየት ሰሙት?»

«በሩ ላይ ቆሜ ይሆናል። ትንሽ ቀደም ብዬ መጥቼ...»

«በሩ ላይ ቆሜ ሞክሬዋለሁ። ፒያኖው ሲደበደብ እንኳ አይሰማም። ቢሰማ ኖሮ ደግሞ አራተኛውን መለማመጃም ይሰሙ ነበር፤ አንድ ሙሉ መስመር ዘልላለች። እርስዎ አጥር ጥግ ያለ የሌላ ሰው ተማሪ አንዲት ድምፅ ሲስት ንግግርዎን ያቋርጣሉ። ሙሉ መስመር አያልፉም። ያልጻፉት ስላልሰሙ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው መሀል የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ዝናብ ጣለ። ገለባ በታጨቀው ግድግዳ ውስጥ ያለችው ኢልሃም ራሷ ዝናቡን ከአባቷ በስልክ ነው የሰማችው። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ዝናብ የሰው ጆሮ የሚደፍንበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ከቆርቆሮው ሥር።»

እስክንድር እጁን ፒያኖው ክዳን ላይ አሳርፎ ነበር። ጣቶቹ ቆመዋል።

«ስህተት ሰምቼ ማለፍ አልችልም» አለ በቀስታ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«ለምን ግን?» አለች ኤልቤቴል። «ሠላሳ ዓመት...»

ሳዕዳ ስልኳን ለቆንጅት አቀበለቻት። ምስሉ የአንድ መጽሐፍ ናሙና ነው፤ በጆሮ ስለ ማስተማር፣ ከጌዴኦ የሥራ ዜማዎች የተሠሩ መቶ መለማመጃዎች። ሥራው የሲራክ ነው፤ ደራሲው ግን እስክንድር ይላል። በዚህ መጽሐፍ ምክንያት አዲስ አበባ ትልቅ የማስተማሪያ ቦታ ቃል ተገብቶለታል። ሲራክ ናሙናው እጁ ከገባ በኋላ ዐሥር ቀን ጠብቆት ነበር፤ ራሱ መጥቶ እንዲነግረው። አልመጣም። ዓርብ ስብሰባው ላይ ሊናገር ነበር።

ቆንጅት ገጾቹን በጣቷ እየገፋች ሄደች። አርባ አንደኛው መለማመጃ ላይ ቆመች። ኖታውን በከንፈሯ ብቻ፣ ድምፅ ሳታወጣ አነበበችው።

«ይህ የገበሬ ዜማ አይደለም» አለች። «ሬኮ መንደር ስናስተምር፣ ገና ሳንጋባ፣ ለእኔ ያወጣው ነው።» ስልኩን መለሰች። «ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ አልተጻፈም፣ እስክንድር። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።» ከዚያ ወደ ሳዕዳ ዞረች። «ሠላሳ ዓመት ያለው እኔን አልነበረም።»

«አልነበረም፣ እትዬ።»

ቆንጅት አንገቷን ነቀነቀች። ሌላ ሰው ፊት የምታለቅሰው ይህችን ያህል ነበር።

እስከዚያ ድረስ መንበረ ከፖሊሶቹ መሀል ሆና እስክንድርን ታየው ነበር፤ አንድ ነገር ተናግሮ ሁሉን እንዲያስተካክል እንደምትጠብቅ።

«ጋሽ እስክንድር» አለች። «ከመሰላል ሲወርዱ አይቻለሁ። ገለባ ራስዎ ላይ ነበር። የሚያፈስ ጣራ ነው ያየሁት አሉኝ። ቀብር ቀን ደግሞ ይህን ከተናገርሽ ሕንፃውን ይዘጉታል፣ ለኤልቤቴልም ለልጆቹም እዘኚ፣ አንቺን በገንዘብ ቀጥተው ይለቁሻል፣ ጠበቃ አመጣለሁ አሉኝ። እኔም አልተናገርኩም።»

«መንበረ፣ እኔ...» አለ እስክንድር።

ሳዕዳ ከመዝገቡ ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች። ይህን ለማንበብ አልፈለገችም ነበር፤ ያለ እሱ ግን መንበረ እንደማታምን ታውቃለች።

«የዓይን ምስክሩ ቃል ነው» አለች። «"ሐሙስ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ መንበረ የተቀጣጠለ ምድጃ ይዛ ወደ ስድስት ቁጥር ስትገባ በዓይኔ አይቻለሁ።" በራሱ እጅ የተጻፈ።»

«ስጪኝ» አለች መንበረ።

ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ጣቷን ከፊደል ፊደል አስኬደች። ሁሉንም ማንበብ አልቻለችም። ስሟን ስታገኝ ጣቷ ቆመ።

«የሱ እጅ ነው» አለች። «ደብተሬ ላይ አስመስለሽ ጻፊ ብሎ የጻፈልኝ ይሄው ነው። እንደዚሁ ነው።» ቀና ብላ አየችው። «ይህን ጽፈህ፣ ከዚያ ደግሞ ጣቢያ መጥተህ ዳቦ ሰጠኸኝ።»

አንተ ስትለው ሰው የሰማት ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እስክንድር እጁን ከፒያኖው ክዳን ላይ አነሳ። ፖሊሶቹ ከመንበረ ጎን ተነስተው ወደ እሱ ሄዱ። ሲያልፍ ቆንጅት መንገድ ለቀቀችለት፣ አላየችውም።

ሐሙስ ጠዋት የመንበረ መፈቻ ወረቀት ተዘጋጀ። ቆንጅት ልጅቷን ይዛ ከጣቢያው በር ውጪ ቆማ ነበር። ቃሏን ቀድሞ የተቀበለው ፖሊስ ወረቀቱን አዙሮ እስክሪብቶውን አቀበላት።

«እዚህ ጋ ስምሽን ጻፊ። አንቺ መጻፍ ትችያለሽ አይደል?»

መንበረ እስክሪብቶውን አየችው። ከዚያ ጠረጴዛው ጥግ ወዳለው የቀለም ሳጥን አመለከተች።

«አልችልም» አለችና አውራ ጣቷን ዘረጋችለት።